በኑዛዜው ስሙ ያልተጻፈ ወራሽ

ሰው ሲሞት ያፈራው ንብረት በቀጥታ ወደ ልጆቹ እጅ አይገባም። በሟችና በወራሽ መካከል አንድ ባለሥልጣን ይቆማል፤ ኑዛዜው እውነተኛ መሆኑን ይመረምራል፣ ወራሹ ማን እንደሆነ ያረጋግጣል፣ ዕዳ እንዲከፈልና የቀረው እንዲከፋፈል ያዛል ወይም ያስፈጽማል። ስሙ እንደ አገሩና እንደ ዘመኑ ይለያያል፤ የውርስ ዳኛ፣ የኑዛዜ መዝገብ ሹም ወይም ውርስ አጣሪ ይባላል። ሕግ ይህን ሰው ከወራሾች አይቆጥረውም። ይሁንና ክፍያው ከውርሱ ላይ የሚቆረጥለት ከሆነ፣ በተለይም ሀብቱ በበዛ ቁጥር የሚቆረጥለትም የሚበዛ ከሆነ፣ በተግባር ከወራሾቹ አንዱ ሆኗል፤ ያውም ከልጆቹ ቀድሞ ድርሻውን የሚያነሣ ወራሽ። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ ቀላል ነው፦ የውርስ ሹማምንት ታማኝነት ከጠባያቸው ይልቅ የተመሠረተው ማን እንደሾማቸውና ከየት እንደሚከፈላቸው ላይ ነው። ማስረጃው ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ይጀምርና ወደ እኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይደርሳል። የውጭዎቹ ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዳኛ ከየት ይከፈለው የሚለው ጥያቄ በየትኛውም ችሎት ሊነሣ ይችላል፤ በውርስ ግን ይከብዳል። በተራ ክርክር ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመዋል፤ አንዱ ያለ አግባብ ገንዘብ ሲጠየቅ አቤት ለማለት አይዘገይም። በውርስ መዝገብ ላይ ግን ዋናው ባለጉዳይ ሞቷል። ሀብቱ የት የት እንዳለ፣ ማን ዕዳ እንዳለበት፣ የትኛው ሥራ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው ቀርቦ «ይህ በዝቷል» ሊል አይችልም። ከወራሾቹ አንዳንዶቹ ሐዘን ላይ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ለአካለ መጠን አልደረሱም፣ አንዳንዶቹም ባሕር ማዶ ናቸው፤ ተጣልተው ከሆነ ደግሞ አንዱ ሌላውን ሲጠባበቅ ሹሙን የሚጠብቅ አይኖርም። ገንዘቡም ሩቅ አይደለም። ሌላው ፍርድ ቤት ክፍያውን ከባለጉዳይ ኪስ ማስወጣት ሲኖርበት፣ እዚህ ግን ገንዘቡ ቀድሞውኑ በሹሙ ቁጥጥር ሥር ነው። ትርፉ ወጪ በአምስትና በስድስት ወራሽ ሲካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጉዳት ጠበቃ ቀጥሮ ለመከራከር የሚያበቃ አይሆንም። አብዛኛው የውርስ መዝገብ ተቃዋሚ ሳይኖረው የሚዘጋ በመሆኑ፣ በሌላ ችሎት ተቃዋሚ ወገን የሚሠራውን የቁጥጥር ሥራ እዚህ የሚሠራ የለም። ያንን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው የሹመቱና የክፍያው ሥርዓት ብቻ ነው።

ይህን በግልጽ ለማየት ከእንግሊዝ የተሻለ መነሻ የለም። በዚያች አገር ከመካከለኛው ዘመን እስከ 1858 ድረስ ኑዛዜን የማጽደቅ ሥልጣን በዋናነት የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶች ነበር። ተራው ሰው ጉዳዩን በሀገረ ስብከቱ ይጨርሳል፤ ከአንድ በላይ በሆኑ ሀገረ ስብከቶች ዋጋው ከ5 ፓውንድ የሚበልጥ ንብረት የተወ ሰው ግን ኑዛዜው ወደ ሊቀ ጳጳሱ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ዳኛውና ጸሐፊው የሚኖሩት ኑዛዜ ከሚያስጸድቀው ሰው በሚቀበሉት ክፍያ ነበር። ምሬቱ እየከረረ ሲሄድ በ1529፣ በሄንሪ 8ኛ ዘመን፣ ፓርላማው የዋጋ ዝርዝር አወጣ። ሀብቱ ከ5 ፓውንድ በታች ከሆነ ለጸሐፊው 6 ፔንስ ብቻ እንጂ ለዳኛው ምንም አይከፈልም። ከ5 እስከ 40 ፓውንድ ድረስ ጠቅላላው ክፍያ ከ3 ሽልንግ ከ6 ፔንስ አይበልጥም፤ ከ40 ፓውንድ በላይ ለሆነ ሀብት ደግሞ 5 ሽልንግ ነው። ሕጉ በዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ድሃውን ከዳኛው ክፍያ አውጥቷል፣ ለሀብታሙም ጣሪያ አበጅቷል። ጸሐፊው ከ5 ሽልንጉ በሚደርሰው ድርሻ ፋንታ እንደ ጽሑፉ ርዝመት በየ10 መስመሩ 1 ፔኒ እንዲያስከፍልም ይፈቅድ ነበር። በመስመር ብዛት የሚከፈለው ጸሐፊ አሳጥሮ ለመጻፍ ምን ምክንያት ይኖረዋል?

የ1529ኙ ሕግ ዋጋውን ሲነካ ሁለት ነገሮችን ሳይነካ አለፈ። ሹመቱ በጳጳሱ እጅ ቀረ፤ ገንዘቡም እንደ ድሮው ወደ ሹሙ ኪስ መግባቱን ቀጠለ። ሦስት መቶ ዓመት ያህል ያስከተለውን መዘዝ በለንደኑ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የኑዛዜ ፍርድ ቤት ላይ ማየት ይቻላል። የአገሪቱ ሀብታሞች ኑዛዜ የሚጸድቀው በዚያ በመሆኑ የመዝገብ ቤት ኃላፊነቱ በዓመት ብዙ ሺህ ፓውንድ የሚያስገባ ሹመት ሆነ። ከ1783 እስከ 1805 የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ጆን ሙር ይህን ሥራ ለልጆቻቸው ሰጡ። ልጆቹም ቄሶች ነበሩ፤ የመዝገቡን ሥራ በምክትል እያሠሩ ገቢውን ራሳቸው ይበሉ ነበር። አገር ምድሩ የተማመነባቸው ኑዛዜዎች ግን እሳት ሊበላቸው በሚችል ጠባብ ሕንፃ ውስጥ ታጭቀው ይቀመጡ ነበር። በወጣትነቱ በዚያ ሰፈር የችሎት ዘጋቢ ሆኖ የሠራው ቻርልስ ዲክንስ ይህን ጉድ «ዴቪድ ኮፐርፊልድ» በተባለው ልብ ወለዱ ተሳለቀበት፤ በ1850 ደግሞ በራሱ መጽሔት ላይ ስለ ኑዛዜዎቹ አያያዝ ተከታታይ ጽሑፍ አወጣ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የሙር ልጆች ከሰው የተለዩ ክፉዎች አለመሆናቸው ነው። ሕግ አልጣሱም። አባት ለልጁ የሚሰጠው ሹመት፣ ሹመቱም የማይሠሩበት ገቢ ሆኖ ሲዘጋጅ፣ የተሰጣቸውን መቀበላቸው ብቻ ነው።

ሹመት የግል ንብረት ከሆነ በኋላ መልሶ የሕዝብ ማድረግ ምን ያህል እንደሚከብድም የዚያው አገር ታሪክ ያሳያል። የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶችን እንዲመረምር የተቋቋመው ኮሚሽን ዘገባውን በ1832 አቀረበ፤ በየቦታው የተበተኑት ኑዛዜ አጽዳቂ ፍርድ ቤቶች ከ300 በላይ ነበሩ። መፍትሔው ታወቀ፤ ሕጉ ግን የወጣው ከ25 ዓመት በኋላ በ1857 ነው። በመካከሉ የቀረቡት ረቂቆች የወደቁት በአብዛኛው ከሹመቱ የሚጠቀሙት ሰዎች በመቃወማቸው ነው። የ1857ቱ ሕግ ሥልጣኑን ከቤተ ክርስቲያን ወስዶ ለአንድ የመንግሥት የኑዛዜ ፍርድ ቤት ሰጠ፤ ፍርድ ቤቱም በጥር 1858 ሥራ ጀመረ። ዳኛው ቋሚ ደመወዝ ተቆረጠለት። ባለጉዳዩ መክፈሉን አላቆመም፤ ነገር ግን የሚከፍለው በቴምብር ሆነ። ይህ ትንሽ የሚመስል ለውጥ የማሻሻያው እምብርት ነው፤ ቴምብሩን የሚሸጠው መንግሥት በመሆኑ ወረቀቱን በሚያጸድቀው ሰው እጅ ገንዘብ አያልፍም። ጥቅም የቀረባቸውም ካሣቸውን አግኝተዋል። በነዚያ ችሎቶች ብቻ ይሠሩ የነበሩ ጠበቆች ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኙት የነበረው የተጣራ ገቢ በአማካይ ተሰልቶ ግማሹ በየዓመቱ እስከ ዕድሜ ልካቸው እንዲከፈላቸው ተደረገ። ሕዝቡ ሲከፍል ከኖረበት በደል ነፃ ለመውጣት ሌላ ክፍያ ከፈለ። ስለዚህ ክፍያና ሹመት ገና ከጅምሩ መለየታቸው ከፍትሕም በላይ የቁጠባ ጉዳይ ነው።

የእንግሊዝ ሕግ ከሰፋሪዎቹ ጋር አትላንቲክን ሲሻገር ልማዱንም ይዞ ነው የተሻገረው። በአሜሪካ የኮነቲከት ክፍለ ግዛት የውርስ ፍርድ ቤቶች የተመሠረቱት ገና በቅኝ ግዛቱ ዘመን በ1698 ነው። ቀስ በቀስ በየከተማው ተባዝተው ከ100 በላይ ደረሱ፤ ዳኞቹ በሕዝብ የሚመረጡ ነበሩ፣ የሕግ ትምህርትም አይጠየቁም ነበር። ደመወዛቸው የሚወጣው ፍርድ ቤቱ ከሚሰበስበው ክፍያ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሕጉ ጣሪያ አበጅቶ ትርፉ ወደ አንድ የጋራ ፈንድ እንዲገባ ቢያደርግም፣ የገቢው ምንጭ የሟቾች ሀብት መሆኑ አልተለወጠም። እዚህ የተከሰተው ችግር የሙርን ልጆች አይመስልም፤ የሒሳብ ችግር ነው። የኮነቲከት የውርስ ዳኛ ሥራ ውርስ ብቻ አይደለም፤ ወላጅ ላጡ ሕፃናት ሞግዚት ይሾማል፣ ራሳቸውን ማስተዳደር ለማይችሉ አረጋውያን ጠባቂ ያቆማል፣ የአእምሮ ሕሙማንን ጉዳይ ይሰማል። ይህ ሁሉ እጅግ አድካሚ ነው፤ ገቢው ግን ኢምንት ነው። ሀብታሞች በሚኖሩባት ትንሽ ከተማ ያለው ዳኛ ጥቂት መዝገብና ብዙ ገቢ ሲኖረው፣ ድሆች በሚበዙበት ትልቅ ከተማ ያለው ብዙ መዝገብና ጥቂት ገቢ ነበረው። ክፍያው ሥራውን አልተከተለም፤ የተከተለው የሟቾችን ሀብት ነው።

ክፍለ ግዛቱ በ2009 ባወጣው ሕግ 117ቱን ፍርድ ቤቶች ወደ 54 ዝቅ አደረጋቸው፤ ሥርዓቱ ከጥር 2011 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል አዲስ የሚመረጡት ዳኞች ሕግ የተማሩ መሆን ነበረባቸው። ደመወዛቸውም የአውራጃቸው የሥራ ጫና ታይቶ ከከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ደመወዝ በመቶኛ እንዲሰላ ተደረገ። የግል ጥቅሙ ተቋረጠ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ሁለተኛ ትምህርት ይሰጣል። በ2015 የክፍለ ግዛቱ መንግሥት በጀት ሲጠበው ለውርስ ፍርድ ቤቶች ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ አቋረጠ። ክፍተቱን ለመሙላት 12,500 ዶላር የነበረው የክፍያ ጣሪያ ተነሣና ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ባለው ሀብት ላይ ያለ ገደብ 0.5 በመቶ እንዲከፈል ተወሰነ። በ40 ሚሊዮን ዶላር ውርስ ላይ ይህ ወደ 200,000 ዶላር ይጠጋል፤ አብዛኛው ሥራ ግን ማመልከቻ ተቀብሎ መዝገብ መዝጋት ነው። ተቃውሞው ስለበረታ በቀጣዩ ዓመት 40,000 ዶላር ጣሪያ ተደረገ። ዳኛው ከክፍያው ሳንቲም ባይደርሰውም ተቋሙ የሚኖረው በሟች ሀብት ላይ እስከሆነ ድረስ ፈተናው ከሰው ወደ ቢሮ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። በግለሰቡ ኪስና በክፍያው መካከል ግድግዳ ማቆም የመጀመሪያው ደረጃ ነው። የፍርድ ቤቱን በጀት ከሀብታሞች ሞት ነፃ ማድረግ ሁለተኛው ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ሹመትን ይመለከታል፤ ለዚህ ደግሞ ኒው ዮርክን ማየት ይበቃል። በዚያ የውርስ ዳኛው በሕዝብ ይመረጣል፣ ደመወዙም ከመንግሥት ነው፤ ከውርሱ በቀጥታ የሚደርሰው ነገር የለም። ነገር ግን ኑዛዜ ሳይተውና የቅርብ ዘመድ ሳይታወቅ የሚሞት ሰው ሀብቱን የሚያስተዳድር የመንግሥት ሹም አለ፤ የሹሙ ጠበቃ የሚቀበለውን ክፍያ የሚወስነውም ይኸው ዳኛ ነው። የብሩክሊን የውርስ ዳኛ የነበረው ማይክል ፋይንበርግ በ2005 በክፍለ ግዛቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ውሳኔ ከሥልጣኑ ተነሣ። ምክንያቱ ለዓመታት ለአንድ ወዳጁ ጠበቃ በአብዛኛው ከሀብቱ 8 በመቶ እየቆረጠ፣ በድምሩ ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማጽደቁ ነበር። ሕጉ ጠበቃው ምን እንደሠራና ምን ያህል ጊዜ እንደወሰደበት በቃለ መሐላ እንዲያቀርብ ያዛል፤ ዳኛው ግን ይህን ሳይጠይቅ ይፈቅድ ነበር። የማን ገንዘብ እንደተነካ እንይ፤ ተከራካሪ ዘመድ ያልነበራቸው፣ ለአቤቱታ የሚቆምላቸው ያጡ ሰዎች ውርስ ነው። ዳኛውን ደመወዝተኛ አድርጎ የሚሾማቸውንና የሚከፍላቸውን ሰዎች በዳኛው ፈቃድ ብቻ መተው በሩን ቆልፎ መስኮቱን እንደ መክፈት ነው።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ደመወዝ የሚባል ነገር ሥር ከመስደዱ በፊት በአገራችንም ሹም የሚኖረው በሹመቱ ነበር፤ ዳኝነት የሚያይ ገዥ ከዳኝነቱ የሚያገኘው ገቢ የመተዳደሪያው አንድ ክፍል ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት አብዛኛውን ጊዜ የስግብግብነት መፈክር አድርገን እንጠቅሰዋለን፤ ነገር ግን ተረቱ የሚገልጸው አንድን የክፍያ ሥርዓት ነው። ጡረታም ደመወዝም የሌለው ሹም ከሹመቱ ካልበላ ከየት ይበላል? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የውርስን ነገር ሲደነግግ በዚህ ረገድ የተሻለ መንገድ መርጧል። ኑዛዜ ከሌለ አጣሪዎቹ በሕግ ወራሾቹ ራሳቸው ናቸው፤ ሟች በኑዛዜው አጣሪ ሰይሞ ከሆነ የተሰየመው ሰው ነው፤ ክርክር ሲነሣ ወይም ወራሽ ሳይታወቅ ሲቀር ደግሞ ፍርድ ቤት ይሾማል። አጣሪው ክፍያ የሚያገኘው የሠራው ሥራ የሚያስከፍል ሲሆን ነው፤ መጠኑን የሚወስነው ሟቹ፣ የወራሾች ስምምነት ወይም ፍርድ ቤቱ ነው። እዚህ ላይ ሕጉ መለኪያ ያደረገው የሀብቱን ብዛት ሳይሆን ሥራን ነው፤ እንግሊዞች ብዙ መቶ ዓመት ከፈጀባቸው መደምደሚያ ተነሥቷል ማለት ይቻላል። ችግሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። የአስተዳደርና የማጣራት ወጪ ከቀብር ወጪ ቀጥሎ፣ ከሟቹ ዕዳዎች ቀድሞ የሚከፈል ነው፤ ስለዚህ ለአጣሪው የሚሰጠው እያንዳንዱ ብር ወራሾችን ብቻ ሳይሆን አበዳሪዎችንም ይነካል። ፍርድ ቤቱ ራሱ ሾሞ ራሱ ክፍያውን ሲወስን፣ የተሠራውን ሥራ በዝርዝር አስቀርቦ ምክንያቱን በጽሑፍ ካላሰፈረ፣ የብሩክሊኑ ክፍተት እዚህም ይኖራል። መለኪያው ትክክል ሆኖ ሳለ ልኬቱ ሳይመዘገብ ከቀረ መለኪያው መኖሩ አይጠቅምም።

ለዚህ ሐሳብ የሚቀርቡት ተቃውሞዎች በቀላሉ የሚገፉ አይደሉም። የመጀመሪያው፣ የሚገለገለው ይክፈል የሚለው ነው። አንድ ቤተሰብ ሀብት ሲወርስ ወጪውን ምንም የማይወርሰው ግብር ከፋይ ለምን ይሸከመዋል? ሀብታሙስ ከድሃው በላይ ቢከፍል ምን ክፋት አለው? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ክፍያ ይቅር ማለት አይደለም። ልዩነቱ በአገልግሎት ዋጋና በግብር መካከል ነው። ሀብታሙ የበለጠ እንዲከፍል ከተፈለገ ያ ግብር ነው፤ ግብር ደግሞ በሕዝብ ተወካዮች ተጥሎ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት መግባት አለበት እንጂ በፍርድ ቤት ክፍያ ስም መምጣት የለበትም። የብሪታንያ መንግሥት በ2018 ይህን ድንበር ለመሻገር ሞክሮ ነበር። በጊዜው ኑዛዜ ለማጽደቅ የሚከፈለው ቢበዛ 215 ፓውንድ ሲሆን፣ አዲሱ ዕቅድ እንደ ሀብቱ መጠን እስከ 6,000 ፓውንድ ያደርሰው ነበር። የመዝገብ ሠራተኛው ለትንሹም ለትልቁም የሚሠራው ሥራ ተመሳሳይ በመሆኑ ተቺዎች ዕቅዱን በክፍያ ስም የመጣ የሞት ግብር አሉት፤ በ2019ም ተሰረዘ። በ2024 በእንግሊዝና በዌልስ ከ5,000 ፓውንድ በላይ የሆነ ውርስ ሁሉ የሚከፍለው አንድ ዓይነት ዋጋ፣ 300 ፓውንድ ነበር፤ ከ5,000 ፓውንድ በታች ያለው አይከፍልም ነበር። የውርሱ ሥራ በእርግጥ ውስብስብ ሲሆን፣ ለምሳሌ ፋብሪካ ማስተዳደር ወይም በሦስት አገር የተበተነ ንብረት ማሰባሰብ ሲጠይቅ፣ አጣሪው ለሠራው ተጨማሪ ሥራ ተጨማሪ ይከፈለው። ከመቶ የሚሰላ ክፍያ ግን ውስብስቡን መዝገብ ከቀላሉ አይለይም፤ ባንክ የተቀመጠ 10 ሚሊዮን ብርና በክርክር የተተበተበ 10 ሚሊዮን ብር ለእሱ እኩል ናቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ደመወዝተኛ ሰነፍ ይሆናል የሚል ነው። በመዝገብ የሚከፈለው ሰው መዝገብ ለመዝጋት ይጣደፋል፤ በወር የሚከፈለው ግን ነገ ይደርሳል ይላል። በዚህ ላይ እውነት አለ። ደመወዝተኛ የሆነው የእንግሊዝ የኑዛዜ አገልግሎት በቅርብ ዓመታት በመዘግየት ክፉኛ ተወቅሶ በ2023 የፓርላማው የፍትሕ ኮሚቴ ምርመራ እስከ መክፈት ደርሷል። ነገር ግን መዘግየት የሚታይ በደል ነው፤ በሳምንት ይቆጠራል፣ ይዘገባል፣ አለቃ ይጠየቅበታል። ከሀብት ላይ በትንሽ በትንሹ የሚሸረፍ ገንዘብ ግን አይታይም። ከሁለት ክፉ ነገሮች መምረጥ ግድ ቢሆን ሊታረም የሚችለውን መምረጥ ይሻላል። በመዝገብ የሚከፈለው ሹምም ሁልጊዜ ቸኳይ አይደለም፤ የሚቸኩለው ብዙ ለሚያስገባው መዝገብ ነው፣ የድሃው ደግሞ ይጠብቃል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ሕዝብ ከመረጠው ሹም በላይ የሚጠየቅ የለም ይላል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት የአሜሪካዋ ሜሪላንድ የኑዛዜ መዝገብ ሹሙ በየካውንቲው በሕዝብ ድምፅ ይመረጣል፤ ውርስን የሚያዩት ዳኞችም በአብዛኛው ካውንቲ ተመራጮች ናቸው፣ በብዙዎቹም የሕግ ባለሙያ መሆን አይጠበቅባቸውም። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ግን ይህን የዳኝነት ሥራ ለሰርኪዩት ፍርድ ቤቱ ዳኞች ሰጥታለች። ምርጫ ተጠያቂነት የሚያመጣው መራጩ ሥራውን ሲያይ ነው። የውርስ ችሎትን የሚያየው ሰው ዘመዱ የሞተበት ብቻ ነው፤ እሱም በሕይወቱ አንዴ ወይም ሁለቴ። በተቃራኒው ከሹሙ ጋር በየሳምንቱ የሚገናኙት ሹመትና ክፍያ የሚጠብቁ ጠበቆች ናቸው፤ የምርጫ ዘመቻውን በገንዘብ የሚያግዙትም እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ። ፋይንበርግም በሕዝብ የተመረጠ ዳኛ ነበር። ምርጫው በራሱ ክፉ አይደለም፤ ከክፍያ ቁጥጥር ጋር ካልተጣመረ ግን የሹመት ዕዳ በሟቾች ሀብት የሚከፈልበት መንገድ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መደምደሚያ ሹማምንትን የሚጠራጠር ሳይሆን የሚያሳርፍ ነው። ዳኛውና መዝገብ ሹሙ ከመንግሥት በጀት ቋሚ ደመወዝ ይከፈላቸው፤ ባለጉዳዩ የሚከፍለው ዋጋ የአገልግሎቱን ወጪ ይከተል፣ የሟቹን ሀብት አይከተል፤ ከውርሱ የሚከፈለው አጣሪ ደግሞ ከአንድ ሰው ፈቃድ ውጪ በሆነ ተራ ወይም ዝርዝር ይሾም፣ ክፍያውም በተመዘገበ ሥራ ይሰላ፣ የክፍያው ምክንያትም ወራሽ ሁሉ ሊያነበው በሚችል ጽሑፍ ይውጣ። እነዚህ ነገሮች ከሹሙ ቅድስና አይጠይቁም። በተቃራኒው መልካሙን ሹም ከሐሜት፣ ደካማውን ከፈተና ያድናሉ። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1529 ያደረገው ስህተት ዋጋውን ብቻ ማረም ነበር፤ የ1857ቱ ተተኪው የተሳካለት ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ ስለለወጠ ነው። የእኛም ሕግ ሥራን መለኪያ በማድረግ ግማሹን መንገድ ሄዷል። የቀረው ግማሽ አዲስ አዋጅ የግድ አይጠይቅም፤ አጣሪ የሾመ ዳኛ ሁሉ ክፍያውን ሲያጸድቅ የሥራውን ዝርዝር አስቀርቦ ለምን ይህን ያህል እንደተከፈለ በሁለት አንቀጽ ቢጽፍ፣ ከነገ ጀምሮ ሊፈጸም ይችላል።